መልስ፦ ቫዮሊን ይዞ አውሮፕላን ስለመሳፈር

ልጅዎ ከትምህርት ቤቷ ኦርኬስትራ ጋር ስትጓዝ ቫዮሊኗን ከሻንጣ ጋር ታስጭነው ወይስ ይዛው ትግባ ብለው ለጠየቁት፦ ይዛው ትግባ። ጣጣው የሳጥኑ ርዝመት ነው። አራት ማዕዘኑ ሳጥን 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ የብዙ አየር መንገዶች የእጅ ሻንጣ ገደብ ደግሞ 55 ገደማ ነው። ስለዚህ ፈቃዱን አስቀድመው በጽሑፍ ያግኙ፤ ወረቀቱም በእጇ ይሁን። መሳፈሪያ በር ላይ «በስልክ ፈቅደውልን ነበር» ማለት ብዙም አያዋጣም። ከመቀመጫ በላይ ያለው ቦታ ቶሎ ስለሚሞላ ከቀዳሚዎቹ ጋር ትሳፈር።

ክሮቹን ትንሽ ብቻ ታላላ። ጨርሳ ከፈታቻቸው ብሪጁ (ክሮቹን ከፍ አድርጎ የያዘው ቀጭን እንጨት) ይወድቃል፤ ውስጥ የቆመችው ትንሽ እንጨትም ልትከተለው ትችላለች፣ እሷን መልሶ ማቆም ደግሞ የባለሙያ ሥራ ነው። የደጋኑ ፀጉር ግን በደንብ ይላላ፦ የአውሮፕላን አየር ደረቅ ነው (እርጥበቱ ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ይወርዳል)፤ ፀጉሩ ሲደርቅ አጥሮ እንጨቱን ይወጥረዋል፣ ሊያጣምመውም ይችላል።

ደጋኑ አሮጌ ከሆነ ጫፉን ባለሙያ ይየው፤ የዝሆን ጥርስ ካለበት ድንበር ላይ ሊወረስ ይችላል። ጉዞው ወደ አውሮፓ ከሆነ ደግሞ እዚያ ብዙ ኦርኬስትራዎች የመቃኛውን ድምፅ («ላ») በ440 ሳይሆን በ442 ኸርዝ፣ ማለትም ትንሽ ከፍ አድርገው ስለሚቃኙ፣ የጋራ ኮንሰርት ካላቸው አስቀድመው ይጠይቁ።