የተበታተነው ፈረስ የማን ነው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የጥንት ሳንቲሞችን በሥዕልና በፎቶግራፍ ማጥናት ከጀመርሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። የግሪክና የሮም ሳንቲሞችን በተጻፈባቸው ስምና በነገሥታቱ መልክ መለየት አያስቸግረኝም። በጥንት ዘመን በምዕራብ አውሮፓ የኖሩት የኬልቶች ሳንቲም ላይ ስደርስ ግን ጽሕፈት የለ፣ ፊቱ ፊት አይመስል፣ ፈረሱም እግሩ ከገላው ተነጥሎ በነጠብጣብ መካከል ይንሳፈፋል። አጥኚዎች ግን እነዚህኑ «አንደኛ ምድብ»፣ «አራተኛ ምድብ» እያሉ ሲከፋፍሏቸው አነባለሁ። ምኑን አይተው ነው?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ አስቀድሞ ምስሉ ከየት እንደ መጣ ማወቅ ግድ ይላል፤ ምንጩ ሳይታወቅ የተበታተነው ፈረስ ምን እንደ ጎደለው መናገር አይቻልምና። የምዕራብ ኬልቶች የወርቅ ሳንቲሞች አብዛኛዎቹ የዘር ሐረጋቸው የሚመዘዘው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ359 እስከ 336 ከነገሠው የመቄዶንያ ንጉሥ ከዳግማዊ ፊልጶስ ስታቴር ነው። ይህ የወርቅ ገንዘብ 8.6 ግራም ያህል ይመዝናል። በፊቱ ገጽ፣ እኛ «ዘውድ» በምንለው በኩል፣ የቅጠል አክሊል የደፋ፣ የግሪኮች አምላክ የአፖሎ ራስ አለ፤ በጀርባው ማለት በ«ጎፈር» በኩል ደግሞ ሁለት ፈረሶች የሚስቡት ሠረገላ ከነነጂው፣ ከሥሩም የንጉሡ ስም በግሪክ ፊደል ይታያል። የጎል፣ ማለትም የዛሬዋ ፈረንሳይና የአካባቢዋ አንጥረኞች ይህን ገንዘብ ቀዱት፤ ቅጂው እንደ ገና ተቀዳ፤ የቅጂው ቅጂም ባሕር ተሻግሮ በብሪታንያ ሌሎች ቅጂዎችን ወለደ።

በዚህ ረጅም ጉዞ የጠፋውና የቀረው ነገር በዘፈቀደ የሆነ አይደለም። የአፖሎ ፊት ቀስ በቀስ ሲደበዝዝ፣ በቀላሉ የሚደጋገሙት የአክሊሉ ቅጠሎችና የጸጉሩ ጥቅሎች ግን እየገነኑ ሄደው ገጹን ሁሉ ሞሉት። ከሁለቱ ፈረሶች አንዱ ቀረ፤ ሠረገላው ጠፍቶ መንኰራኩሩ ብቻ ከፈረሱ ሥር ወይም ከኋላው ተረፈ፤ ነጂውም ወደ ጥቂት መስመሮችና ነጠብጣቦች ተለወጠ። እርስዎ «ይንሳፈፋል» ያሉት ነጠብጣብ እንግዲህ ብዙ ጊዜ የአንድ የጠፋ ሰው ክንድ ወይም ራስ ቅሪት ነው። ይህን የለውጥ ሰንሰለት በሥርዓት የዘረጋው እንግሊዛዊው ጆን ኤቫንስ ነው፤ ሐሳቡን ያቀረበው በ1849 እ.ኤ.አ. በመሆኑ፣ ዳርዊን ስለ ፍጥረታት ለውጥ የጻፈውን ከማሳተሙ አሥር ዓመት ቀደም ማለቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ኤቫንስ የምስሉን ለውጥ ብቻውን አላመነበትም፤ ክብደቱም አብሮ እየቀነሰ መሄዱን እየመዘነ አስተያየ።

ወደ ምድቦቹ ስንመጣ፣ ከሁሉ የሚበልጠው ማስተማሪያ የኮሪዮሶሊቶች ሳንቲም ይመስለኛል። ኮሪዮሶሊቶች በፈረንሳይ ሰሜን ምዕራብ፣ ዛሬ ብሪታኒ በሚባለው አገር የኖሩ ሕዝብ ሲሆኑ፣ ገንዘባቸው ብርና መዳብ የተቀላቀለበት ነበር። ሳንቲሞቻቸው በብዛት የተገኙት ግን በፈረንሳይና በእንግሊዝ መካከል ባለችው በጀርሲ ደሴት ነው፤ በ1935 እ.ኤ.አ. ላ ማርካንድሪ በተባለ ስፍራ ከአሥር ሺህ በላይ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሌላ የደሴቲቱ ክፍል 70,000 የሚጠጉ ሳንቲሞች በአንድ ጉድጓድ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ተገኝተዋል። ፈረንሳዊው ኮልቤር ደ ቦልዮ እነዚህን ሳንቲሞች በስድስት ምድብ ከፈላቸው። ላልለመደ ዓይን ሁሉም አንድ ናቸው፤ በአንዱ ገጽ ጸጉሩ የተጠቀለለ ራስ፣ በሌላው ፈረስ። ልዩነቱ ያለው የአፍንጫው መስመር እንዴት እንደ ታጠፈ፣ ዓይኑ እንዴት እንደ ተሣለ፣ ከፈረሱም ሥር የዱር አሳማ ወይስ ክራር መሰል የዜማ መሣሪያ እንደ ቆመ በመሳሰለው ላይ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱበትን ነገር ልናገር። ዓይናችን ወደ አሳማው ይሮጣል፤ አሳማ አሳማ መሆኑ ይታወቃልና፤ ከዚያም «አሳማው ምን ያመለክታል?» ወደሚል ጥያቄ እንገባለን። ለምድብ ሥራ ግን ከአሳማው ይልቅ ማንም ልብ የማይለው የአፍንጫ እጥፋት ብዙ ጊዜ የበለጠ ይጠቅማል። ቀራጩ አሳማን የሚቀርጸው በታዘዘው መሠረት ነው፤ አፍንጫን የሚያጥፈው ግን እጁ በለመደው መንገድ ነው። የእጅ ልማድ ደግሞ ከአንድ ሠሪ ወይም ከአንድ የሥራ ቤት ጋር ይሄዳል፤ የሰው የእጅ ጽሕፈት በአንድ ፊደል እጥፋት እንደሚታወቅ ማለት ነው።

ይህ ብቻውን ቢሆን ግምት ሆኖ በቀረ ነበር። ምድቡን የሚያጸናው የማኅተም ምርመራ ነው። «ማኅተም» የምለው ምስሉ ተገልብጦ የተቀረጸበትን የብረት ማተሚያ ነው። ባዶው ጠፍጣፋ ብረት በሁለት ማኅተሞች መካከል ተቀምጦ በመዶሻ ሲመታ፣ ሥር ሆኖ በመደገፊያው ላይ የተተከለው ማኅተም የመዶሻው ምት በቀጥታ ስለማያርፍበት ዕድሜው ይረዝማል፤ ከላይ ያለው ግን ቶሎ ስለሚሰነጠቅ በሌላ ይተካል። ስለዚህ የአንድ ማኅተም ራስ መጀመሪያ ከአንድ ፈረስ፣ ኋላ ከሌላ ፈረስ ጋር ተጣምሮ ይገኛል፤ ሁለተኛው ፈረስ ደግሞ ከአዲስ ራስ ጋር ይጣመራል። እንዲህ እያሉ ሲያያይዙት ሰንሰለት ይሆናል። የማኅተሙ ስንጥቅ በአንዱ ሳንቲም ላይ ቀጭን፣ በሌላው ላይ ሰፊ ሆኖ ከታየ ደግሞ የትኛው ቀድሞ እንደ ተመታ ያለ ክርክር ይታወቃል። በአንድ ሰንሰለት የተያያዙ ሳንቲሞች አፍንጫቸውም በአንድ ዓይነት ታጥፎ ከተገኘ፣ ያ እጥፋት በእርግጥ የምድብ ምልክት ነው ማለት ይቻላል።

የምድብ ቁጥር መጠሪያ እንጂ የዘመን ተራ አለመሆኑንም ይያዙልኝ። «አንደኛ ምድብ» ስለ ተባለ ብቻ መጀመሪያ ተመታ ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ እንግዲያው ምስሉ ይበልጥ የተበላሸው ሳንቲም ሁልጊዜ የኋለኛው ነው ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ «ተበላሸ» የሚለውንም ቃል ባንጠቀምበት እመርጣለሁ። የኤቫንስ ሰንሰለት በረጅሙ ሲታይ ይሠራል፤ በሁለት አጎራባች ሳንቲሞች መካከል ግን ብዙ ጊዜ ያሳስታል፤ በአንድ የሥራ ቤት ውስጥ ጎበዝ ቀራጭና ደካማ ቀራጭ በአንድ ዓመት ጎን ለጎን ሊሠሩ ይችላሉና። ከዚያም አልፎ ሰንሰለቱ የሚገለበጥበት ጊዜ አለ። በደቡብ ምሥራቅ ብሪታንያ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በመጀመሪያው ምዕተ ዓመት የነገሠው ኩኖቤሊን የሮምን ጥበብ የቀመሱ ቀራጮች ነበሩት። በወርቁ ላይ ጥርት ያለ የእህል ዛላና እግሩ ከገላው ጋር የተያያዘ፣ የሚዘል ፈረስ እናያለን፤ በዛላው ግራና ቀኝም የዛሬዋ ኮልቼስተር የጥንት ስም የካሙሎዱኑም መነሻ ፊደላት ተቀርጸዋል። «የተበታተነው ይዘገያል» የሚለውን ደንብ ይዞ የመጣ ሰው ይህን ፈረስ ከአያቶቹ በፊት ያስቀምጠው ነበር። ክብደቱ ግን 5.4 ግራም ያህል ብቻ ነውና፣ ከፊልጶስ ስታቴር ምን ያህል እንደ ራቀ ሚዛኑ ይመሰክራል።

በብሪታንያ ምዕራብ በኩል የነበሩት፣ ዶቡኒ የተባሉት ሕዝብ በተቃራኒው ባለ ሦስት ጭራ ፈረሳቸውን አልለወጡም፤ በአጠገቡ የገዢዎቻቸውን ስም በላቲን ፊደል መጻፍ ከጀመሩ በኋላ እንኳ ፈረሱ ያው ነው። በእኔ አስተያየት ይህ አለመቻል አይደለም። ጭራውን ሦስት አድርጎ የሚሠራ እጅ አንድ ማድረግ አያቅተውም፤ ባለ ሦስት ጭራው ፈረስ «የእኛ ገንዘብ» ማለት ሆኖ ነበር።

ጥያቄ፦ የማጠናው ሳንቲም ከመሐል ወደ ጎን ተመትቶ የራስ ምስሉ ግማሽ ከሳንቲሙ ውጭ ቀርቷል። እንዴት ልመድበው?

መልስ፦ በኬልቶች ሳንቲም ይህ የተለመደ ነው፤ ማኅተሙ ብዙ ጊዜ ከብረቱ ይሰፋ ስለነበር ሙሉው ምስል በአንድ ሳንቲም ላይ አይገኝም ማለት ይቻላል። መፍትሔው ከአንድ ማኅተም የወጡ በርካታ ሳንቲሞችን በእኩል መጠን በስስ ወረቀት ላይ ሥሎ፣ በጋራ ምልክታቸው እያነባበሩ ሙሉውን ምስል መገጣጠም ነው፤ ዛሬ በኮምፒውተር ይቀላል። የጋራ ምልክት አድርገው የሚይዙት ቋሚ ነገር፣ ለምሳሌ የዓይኑን መሐል፣ ይሁን። የጎደለውን ግን ከሐሳብዎ አይሙሉ፤ ያላዩትን ክፍል በነጠብጣብ መስመር አመልክተው ይተዉት። ከዚያ በፊት የፈረሱን ገጽ ይመልከቱ፤ እርሱ ሙሉ ሆኖ ከተገኘ የራስ ምስሉ ግማሽ መጥፋት ምድቡን ላያግድዎ ይችላል። ክብደቱን፣ የብረቱን ዓይነትና ተገኘበት የተባለውን ስፍራ ከሥዕሉ አጠገብ ይጻፉ። ሳንቲሙንም ለማጥራት ብለው አይፈትጉት፤ የሚፈልጉት የአፍንጫ እጥፋት ከጸጉር የቀጠነ መስመር ነው።