ከስዊፍት ስፖርት ወደ ባለ ቱርቦ ጎልፍ፦ ከአዳማ የደረሱን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የ2008 ሞዴል ሱዙኪ ስዊፍት ስፖርት አለኝ፤ 1600 ሲሲ፣ ማኑዋል። መኪናዋ ጤነኛ ናት፤ ግን በፈጣን መንገዱ ወደ አዲስ አበባ ስወጣ፣ በተለይ ሰው ጭኜ ኤሲ ከከፈትኩ፣ ማርሽ ካልቀነስኩ አትስብልኝም። አሁን አንድ የ2007 ጎልፍ ጂቲአይ ቀርቦልኛል፤ 2.0 ቱርቦ፣ ካምቢዮው ዲኤስጂ የሚባለው አውቶማቲክ፣ ጌጁ 168 ሺህ ኪሎ ሜትር ይላል። የጥገና ወረቀት የለውም፤ ሻጩ ግን «ሞተሩ ተነክቶ አያውቅም» እያለ ይምላል። ልቀይር? ከቀየርኩስ ምኑን ላስፈትሽ?
አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ በመጀመሪያ ስዊፍትዎን አይውቀሷት። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,600 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት 830 ሚሊባር አካባቢ ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ 1,013 ነበር። ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር የሚስበው ያገኘውን አየር ብቻ ስለሆነ፣ ከፋብሪካ 125 የፈረስ ጉልበት ይዞ የወጣው ሞተርዎ አዳማ ላይ ከ100 ትንሽ አለፍ ይላል፤ አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ወደ 95 ይወርዳል። በዚያ ላይ ይህ ሞተር ከፍተኛውን የመጎተት ጉልበት፣ ማለትም 148 ኒውተን ሜትር፣ የሚሰጠው በደቂቃ 4,800 ዙር ላይ ነው። ዳገቱ ላይ ማርሽ መቀነስዎ የሞተሩ ጠባይ እንጂ የእርጅና ምልክት አይደለም።

ጂቲአዩ የተለየ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ፋብሪካው 200 የፈረስ ጉልበትና ከ1,800 እስከ 5,000 ዙር ድረስ የማይወርድ 280 ኒውተን ሜትር ይሰጠዋል። ክብደቱ ከስዊፍቱ ከ200 ኪሎ በላይ ቢበልጥም ልዩነቱን አያስቀረውም። ኮምፒውተሩ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚቆጣጠረው በጠቅላላ ግፊቱ ስለሆነ የከፍታውን ጉድለት ቱርቦው ይሞላዋል። ስለዚህ እንደ እርስዎ አዳማና አዲስ አበባ ለሚመላለስ ሰው ቱርቦ የሚሰጠው ጥቅም ጅቡቲ ላይ ከሚኖር ሰው ይበልጣል።

ይህ ግን ያለ ዋጋ አይመጣም። ሞተሩ ውስጥ ጠቅላላ ግፊቱ 1.8 ባር እንዲሆን ቱርቦው ባሕር ጠረፍ ላይ አየሩን 1.8 ጊዜ ያህል ቢያምቅ ይበቃዋል፤ አዳማ ላይ 2.2 ጊዜ ማመቅ አለበት። በፍጥነት ይሽከረከራል፣ አየሩን ይበልጥ ያሞቃል፣ ዘይቱንም ይበልጥ ያግላል። ሌላም አለ። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከፍታ ላይ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚቀንስ ኦክቴኑ (ያለ ጊዜው መንደድን የመቋቋም አቅሙ) ዝቅ ያለ ቤንዚን አያስቸግረውም። ቱርቦው ግፊቱን ሲመልሰው ያ እፎይታ ይቀራል። የጂቲአዩ የነዳጅ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ቢያንስ 95 ኦክቴን ይጠይቃል፤ እኛ ደግሞ ማደያ ላይ ኦክቴን አንመርጥም። ቤንዚኑ ያለ ጊዜው ነዶ ሞተሩ ማንኳኳት ሲጀምር ኮምፒውተሩ የካንዴላውን ብልጭታ አዘግይቶ ራሱን ይጠብቃል፤ ከጉልበቱ ጥቂት ይቀንሳል እንጂ አይሰበርም። ኮምፒውተሩን አስነክቶ ተጨማሪ ግፊት ማስጫን ግን ይህን መጠባበቂያ መብላት ነው፤ በዚህ ቤንዚን አንመክረውም።

አሁን ወደ ሻጩ መሐላ እንምጣ። «ሞተሩ ተነክቶ አያውቅም» ለብዙ መኪና ጥሩ ዜና ነው፤ ለዚህ ሞተር ግን የሚያስፈራ ዜና ነው። በ168 ሺህ ኪሎ ሜትርና ወደ 20 በሚጠጋ ዕድሜ ውስጥ መነካት የነበረባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ።

አንዱ ታይሚንግ ቤልቱ፣ ማለትም ቫልቮላዎቹን ከፒስተኖቹ ጋር አስማምቶ የሚያሠራው የጎማ ቀበቶ ነው። ቢበጠስ ፒስተኑ ቫልቮላዎቹን ስለሚመታ ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ይወርዳል። ፋብሪካው ረጅም ኪሎ ሜትር ቢፈቅድለትም ጎማ በዕድሜም ይደርቃል። መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ ዛሬ እንዳልተቀየረ ይቁጠሩት፤ ከነመወጠሪያው፣ ከነሮለሩና ከነውሃ ፓምፑ አንድ ላይ ይቀየር። ፓምፑን ትቶ ቤልቱን ብቻ መቀየር በኋላ ያንኑ ሥራ ደግሞ መክፈል ነው። ሻጩ «ይሄ ካቴና እንጂ ቤልት የለውም» ካለ የሞተሩን ኮድ ይዩ። እ.ኤ.አ. ከ2008 አጋማሽ ጀምሮ አሜሪካ የተሸጡት ጂቲአዮች በእርግጥ ባለ ካቴና ናቸው፤ በእነርሱ ላይ የሚፈራው የካቴናው መወጠሪያ ነው፤ ጠዋት ሲነሱ ለጥቂት ሰኮንድ ብረት የሚንቀጫቀጭ ድምፅ ካሰሙ ይተዉት።

ሁለተኛው ትንሽ ናት፤ ግን መኪናውን መግዛትዎንና አለመግዛትዎን የምትወስነው እሷ ናት። ከፍተኛ ግፊት የሚሰጠው የነዳጅ ፓምፕ ቴስታታው ላይ፣ በካምቢዮው በኩል ባለው ጫፍ ተቀምጧል። የሚገፋው የማስገቢያ ቫልቮላዎቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ ካምሻፍቱ ነው፤ በካምሻፍቱና በፓምፑ መካከል ደግሞ አንዲት ጽዋ የምትመስል ብረት አለች፤ አስመጪዎች «ካም ፎሎወር» ይሏታል። ፊቷ ጥቁር ሽፋን አለው። ሽፋኑ ሲበላ ብረቱ ያበራል፣ ቀጥሎ ይሳሳል፣ በመጨረሻ ይቀደዳል። ከተቀደደ የፓምፑ ዘንግ በቀጥታ ካምሻፍቱን ይፈጫል፤ በትንሽ ዋጋ የሚቀየር ዕቃ ፓምፕና ካምሻፍት ይዞ ይሄዳል፣ ብናኙም በዘይቱ ወደ ቱርቦው ኩሽኔት ይደርሳል።

ለማየት ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ ባትሪው ይነቀል፣ የእሳት ማጥፊያ አጠገብ ይኑር። የነዳጅ መስመሩ በጨርቅ ተጠቅልሎ ቀስ ተብሎ ይላላ፤ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም የተረፈ ግፊት ይኖራል። ፓምፑን የያዙት ሦስት ቡሎኖች እያፈራረቁ ይፈታሉ፤ አንዱን ጨርሶ ፈትቶ ወደ ሌላው መሄድ ፓምፑን ያጣምማል። ጽዋዋን አውጥተው ፊቷን በጣትዎ ይዳስሱ። ሙሉ በሙሉ ጥቁር ከሆነች ጥሩ፤ መሐሏ ላይ የሚያበራ ክብ ካለ በአዲስ ተክተው ካምሻፍቱን በባትሪ መብራት አሽከርክረው ይዩ፤ ቀዳዳ ካለ ግዢውን ይርሱት። ከገዙ በኋላም ይህ ምርመራ በየ15 እስከ 20 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ይደገም። ሻጩ ይህችን ማስፈታት እምቢ ካለ ሌላ ምክንያት ሳይፈልጉ ይመለሱ።

ከዚያ በፊት ግን ጠዋት፣ ሞተሩ አድሮ ሳለ ይሂዱ። ሻጩ አሙቆ ከጠበቀዎት ቀጠሮውን ይለውጡ። ቀዝቃዛው ሞተር ሲነሳ ለጥቂት ጊዜ ከተንቀጠቀጠ ቫልቮላዎቹ ጥላሸት ለብሰው ሊሆን ይችላል። ቤንዚኑ በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ ስለሚረጭ የማስገቢያ ቫልቮላዎቹን የሚያጥብ ነገር የለም፤ የዘይት ጭስ እየተጋገረባቸው ይኖራል። ማስገቢያውን አውርዶ፣ የሚሠራበት ሲሊንደር ቫልቮላ መዘጋቱን አረጋግጦ፣ በማሟሟያና በብሩሽ መፈቅፈቅ ይቻላል። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ሞተር የሚያስጥል ግን አይደለም።

ቀጥሎ ስካነር ይሰካ። ሻጩ ስህተቶቹን ከማጥፋት አይመለስምና «ምንም ኮድ የለም» መባሉ ብቻ አይብቃዎት፤ ኮምፒውተሩ የራሱን ፍተሻዎች ጨርሶ እንደሆነ ይታይ። ካልጨረሰ ኮዶቹ በቅርቡ ተሰርዘዋል ማለት ነው። ቀጥሎ ቁልፉ በርቶ ሞተሩ ሳይነሳ የግፊት ሴንሰሩ ይነበብ፤ አዳማ ላይ 830 አካባቢ ሊያሳይ ይገባል። 1,000 አላሳየም ብሎ ደህና ሴንሰር የሚያስቀይር መካኒክ ካለ ከፍታውን ረስቷል። በመንገድ ላይ በሦስተኛ ማርሽ ከ2,000 ዙር ጀምሮ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ሲረግጡ የታዘዘው ግፊትና የተገኘው ግፊት ተከታትለው መውጣት አለባቸው፤ በቮልስ ስካነር ክፍል 115 ላይ ጎን ለጎን ይታያሉ። የተገኘው በብዙ ከቀረና ፒ0299 የሚል (የቱርቦው ግፊት አነሰ የሚል) ኮድ ከመጣ ቱርቦ ሞተ ብለው አይደናገጡ። በዚህ ሞዴል የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ትርፍ ግፊት የሚመልሰው ቫልቭ ውስጥ ያለው የላስቲክ ሽፋን መቀደድ ነው። ቀጥለው የሚታዩት የቱቦ ማያያዣዎች ናቸው፤ ዘይት ያረጠበው መጋጠሚያ አየር ያስወጣል።

ቱርቦውን ራሱን ለማየት ከአየር ፊልትሮው ወደ እሱ የሚሄደውን ቱቦ ያስፈቱ። ስስ የዘይት ቅባት የተለመደ ነው፤ የተጠራቀመ ዘይት አይደለም። ዘንጉ ወደ ጎን በጥቂቱ ቢነቃነቅ ችግር የለውም፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከተነቃነቀ ወይም ምላጮቹ ቤታቸውን ከነኩ አብቅቶለታል። የምላጮቹን ጠርዝ ልብ ብለው ይዩ፤ የአዳማ አቧራና ነፋስ በረከሰ ፊልትሮ ውስጥ አልፎ ጠርዙን ይበላዋል።

ኮምፕሬሽን (በሲሊንደሮቹ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) ሲለካ ደግሞ የመጽሐፉ ቁጥር እንዳያሳስትዎ። ለዚህ ሞተር የሚሰጠው ከ10 እስከ 13 ባር ነው፤ ያ ግን ለባሕር ጠረፍ ነው። አዳማ ላይ ጤነኛው ሞተር ከ8 ትንሽ አለፍ ብሎ እስከ 10.5 አካባቢ ያሳያል። ዋናው አራቱም መቀራረባቸው ነው። አንዱ ከሌሎቹ ከ2 ባር በላይ ካነሰ የተበላ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ወይም በደንብ የማይዘጋ ቫልቮላ አለ። ካንዴላዎቹ ሁሉ ይውጡ፣ የነዳጅ መርጫዎቹ ይዘጉ፣ ሲለካም የጋዝ ፔዳሉ እስከ ታች ይረገጥ፤ ካልተረገጠ ሁሉም ዝቅ ብሎ ይነበባል።

የሚቀረው ካምቢዮው ነው፤ እውነቱን ለመናገር ከሞተሩ ይልቅ የሚያሳስበን እሱ ነው። ይህ ባለ 6 ማርሽ ዲኤስጂ ፍሪሲዮኖቹ ዘይት ውስጥ የሚሠሩ ሲሆን ዘይቱና ፊልትሮው በየ60 ሺህ ኪሎ ሜትሩ መቀየር አለባቸው። በ168 ሺህ ሁለት ጊዜ መቀየር ነበረበት፤ «ያልተነካው» መኪናዎ ምናልባት አንዴም አልተቀየረለትም። የሚገባው ከ5 እስከ 6 ሊትር የዚሁ ካምቢዮ ዘይት ነው። የተለመደው የአውቶማቲክ ዘይት ቢሞላ ፍሪሲዮኖቹ ይንሸራተታሉ፤ ልኩ የሚታየውም ሞተሩ በርቶ ዘይቱ ከ35 እስከ 45 ዲግሪ ሲሆን በስካነር ነው። ለፈተና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ነድተው ከሞቀ በኋላ ባጃጅ በበዛበት መንገድ ቆም ቀጥ እያሉ ይንዱት። ከአንድ ወደ ሁለት ሲገባ ከመታ፣ ወደ ኋላ ሲሄድ ከተንቀጠቀጠ፣ ወይም የማርሽ ምልክቱ ብልጭ ድርግም ካለ የካምቢዮው መቆጣጠሪያ ሊሆን ይችላል፤ እሱን የሚጠግን ሰው ማግኘት ዕቃውን ከማግኘት አይቀልም። ያው መኪና በማኑዋል ቢገኝ እኛ ያለ ማመንታት ማኑዋሉን እንመርጣለን።

እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ የቤንዚን አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ስለተከለከለ ምርጫው አገር ውስጥ ባሉት ላይ ተወስኗል፤ ሻጮችም ያውቁታል። ቢሆንም አይጣደፉ። የሊብሬው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር ይመሳከር፤ ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነም ቀረጡ መከፈሉና ዕዳ እገዳ የሌለበት መሆኑ ይረጋገጥ።

ፎሎወሩ፣ ኮምፕሬሽኑና ካምቢዮው ካለፉ ይቀይሩ፤ ለመንገድዎ የተሻለ መኪና ነው። ግን ለቤልቱ፣ ለዲኤስጂ ዘይቱ፣ ለካንዴላዎቹና ለመጀመሪያው የሞተር ዘይት የሚሆነውን ገንዘብ ከመግዣው ላይ ይቀንሱና ለብቻው ያስቀምጡ። ያ ገንዘብ ካልተረፈ ስዊፍቷን ይዘው ይቆዩ። የሞተር ዘይቱ 4.6 ሊትር፣ የቮልስ 502 00 ደረጃ ያለው 5ደብልዩ40 ይሁን፤ በዚህ ሙቀትና አቧራ በየ7,500 ኪሎ ሜትሩ ይቀየር። ራዲያተሩ ውስጥ የቧንቧ ውሃ አይግባ፤ የተጣራ ውሃና ትክክለኛው ኩላንት በእኩል መጠን።

ጥያቄ፦ እኔም የአዳማ ልጅ ነኝ፤ እኔም ስዊፍት ስፖርት አለኝ። ከመቀየር ይልቅ በራሷ ሞተር ላይ ቱርቦ ባስገጥምስ?

መልስ፦ አያስገጥሙ። የስዊፍቱ ሞተር ለቱርቦ አልተሠራም፤ አየሩን በሲሊንደር ውስጥ የሚያምቀው 11.1 ለ1 ነው። በዚያ ላይ ግፊት ሲጨመርና የእኛ ቤንዚን ሲገባበት ማንኳኳቱ ፒስተን ይሰብራል። በደንብ ይሠራ ከተባለ ፒስተን፣ ቢየላ፣ የነዳጅ መርጫ፣ ኮምፒውተር፣ ኢንተርኩለርና ፍሪሲዮን ይጠይቃል፤ ያ ሁሉ ተደምሮ ከሌላ መኪና ዋጋ ጋር ይስተካከላል። ሱዙኪ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2017 ስዊፍት ስፖርትን ባለ ቱርቦ ሲያደርገው አሮጌውን ሞተር ትቶ አዲስ 1.4 ሊትር ሞተር ነው የገጠመው፤ 140 የፈረስ ጉልበት፣ 230 ኒውተን ሜትር በ2,500 ዙር፣ ክብደቱም 970 ኪሎ። እሱ ከተገኘ ከጎልፉ ይልቅ ቀላልና ጣጣው ያነሰ ነው።

ጥያቄ፦ ቱርቦ መኪና ከመጥፋቱ በፊት ቆሞ መሥራት አለበት ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ እንደ አነዳድዎ ነው። ከተማ ውስጥ በዝግታ ነድተው ከደረሱ ወዲያው ያጥፉት። በፈጣን መንገዱ በ120 እየነዱ ዳገቱን ወጥተው ቱሉ ዲምቱ ክፍያ ጣቢያ ከደረሱ ግን ቱርቦው በጣም ግሏል፤ ወዲያው ቢጠፋ በኩሽኔቱ ዙሪያ የቀረው ዘይት ይከስላል። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትሮች በዝቅተኛ ዙር ቢነዱ ቆሞ ከመጠበቅ ይሻላል፤ ዘይቱም ይዞራል፣ ነፋሱም ያበርዳል። ካጠፉት በኋላ ከኮፈኑ ሥር ለጥቂት ደቂቃ የሚሰማው ድምፅ ቱርቦውን የሚያበርደው የኤሌክትሪክ ውሃ ፓምፕ ነው፤ ባትሪ ይበላል ብለው ፊውዙን እንዳያወጡት።