የማሲ 135 ማረሻ ማያያዣ ሲላላ፦ ፓምፑን ከመፍታት በፊት ሞላውን ይዩ

ከኢተያ የደረሰን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ማሲ ፈርጉሰን 135 ትራክተር አለኝ፤ ባለ ሦስት ዲስክ ማረሻ ነው የማስርበት። ቶፕ ሊንኩ (ማረሻውን ከላይ የሚያያይዘው ዘንግ) የሚታሰርበት ሹካ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አንድ ሳንቲም ያህል ይጫወታል። ሳርስ አንዴ ይጠልቃል፣ አንዴ ከመሬት ሊወጣ ይደርሳል። ሞተር ሳጠፋ የተነሳው ማረሻ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ መሬት ይነካል። ማረሻውን ከታች ከሚይዙት ሁለት ክንዶች የግራው ጎማውን ይፈትገዋል። ፓምፑ ይፈታ ተብያለሁ፤ ምን ይሻላል?»

ፓምፑን አሁን አያስፈቱ። የዘረዘሯቸው ሦስት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ የሃይድሮሊክ የሆነው የማረሻው መውረድ ብቻ ነው። የጥልቀቱ መዋዠቅ ከሹካው መላላት የመጣ ሳይሆን አይቀርም።

ምክንያቱ ይህ ነው። በዚህ ትራክተር ቶፕ ሊንክ ማረሻን ደግፎ ከመያዝ በላይ ሥራ አለው። ዲስኩ ጠንካራ አፈር ሲያገኝ ቶፕ ሊንኩ ሹካውን ወደ ፊት ይገፋል፣ ከሹካው በስተጀርባ ያለው ወፍራም ሞላ ይጨመቃል፤ ያቺ ትንሽ እንቅስቃሴ ወደ ሃይድሮሊኩ ቫልቭ ደርሳ ክንዶቹን በመጠኑ ታነሳለች። አፈሩ ሲላላ ደግሞ ይመለሳል። ሹካው አንድ ሳንቲም ባዶ ቦታ ካለው ቫልቩ መልእክቱን ዘግይቶ፣ በአንዴም በዝቶ ነው የሚያገኘው። ስለዚህ ማረሻው ይዘላል። ፓምፕ ቢቀየር ይህ አይድንም።

ከመፍታትዎ በፊት ልሉ የት እንዳለ ይለዩ። ማረሻውን መሬት ላይ አውርደው ይፍቱት፣ ክንዶቹ እስከ መጨረሻው ይውረዱ፣ ሞተሩ ይጥፋ። ሹካውን የሚሸፍነውን የጎማ (ላስቲክ) ሽፋን ገለል አድርገው በሹካው ቀዳዳ ዘንግ ያስገቡና እየገፉ እየሳቡ ይመልከቱ። ሞላው ቆሞ ሹካው ብቻ ከተንቀሳቀሰ ልሉ በሹካውና በሞላው መካከል ነው። ሞላውም አብሮ ከተንቀሳቀሰ ሞላውን በቤቱ ውስጥ የሚይዘው ክብ ዳዶ ላልቷል። ሁለቱም ደህና ሆነው ፒኑ ብቻ ከተንቀጫቀጨ ቀዳዳው ተበልቷል ማለት ነው። ባረጀ 135 ላይ ሦስቱንም በአንዴ ማግኘት ያለ ነው።

አፈታቱ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ክቡን ዳዶ የምትቆልፍ ትንሽ ቪቴ ከቤቱ ላይ አለች፤ ብዙ ጊዜ በቀለምና በጭቃ ተሸፍና አትታይም። እሷን ሳያላሉ ዳዶውን በመሮና በመዶሻ የሚመቱ ሰዎች ጥርሱን ይጨርሱታል፤ ሲብስ ቤቱ ይሰነጠቃል፣ እሱ ደግሞ የሃይድሮሊኩ ክዳን አካል ስለሆነ ጉዳቱ ከባድ ነው። ቦታውን በናፍታና በሽቦ ብሩሽ ያጽዱ፣ ቪቴዋን ያላሉ፣ ከዚያ ዳዶውን በመንጠቆ መፍቻ ይፍቱና ሞላውን ከነሹካው ወደ ኋላ ስበው ያውጡ።

ሞላውን በሞርሳ ይያዙ። ሹካውን የሚቆልፈውን ፒን መትተው ካወጡ በኋላ ጥርሱን አጽዱና ሹካውን ወደ ውስጥ ያዙሩ። ልኩ እንዲህ ነው፦ ልል ፈጽሞ ይጥፋ፣ ሞላው ግን አሁንም በእጅ መዞር ይቻል። በእጅ አልዞር ካለ አጥብቀውታል፤ ሞላው ቀድሞ ስለተጨመቀ ቫልቩ ቀላል ጭነት አይሰማም። ትክክለኛው ልክ ላይ የፒኑ ቀዳዳ ካልገጠመ ለማስገጠም ብለው አያጥብቁ፣ አያላሉም፤ ቶርኖ ቤት አዲስ ቀዳዳ ያስበሱለት።

ግራሶ ቀብተው ወደ ቤቱ ይመልሱትና ክቡን ዳዶ በዚያው ልክ ያጥብቁ፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ምንም አይጫወት፣ ሹካው ግን በእጅ ይዙር። ከዚያ ቪቴዋን ይቆልፉ። የተቀደደ የጎማ ሽፋን መልሰው አይግጠሙ። በዚያ ቀዳዳ የሚገባው የዝናብ ውሃና አቧራ ሞላውን ያዝገዋል፤ የሃይድሮሊኩ ዘይት እንደ ወተት የሚነጣበት አንዱ መንገድም ይኸው ነው።

ፒኖቹን በተመለከተ፦ በዚህ መጠን ባለ ማያያዣ የቶፕ ሊንኩ ፒን 19 ሚሊ ሜትር፣ የታችኞቹ ክንዶች 22 ሚሊ ሜትር ነው። ከፌሮ የተቆረጠ ፒን አያስገቡ። ፌሮ ለስላሳ ነው፣ ጎርበጥባጣም ነው፤ ራሱ ይጣመማል፣ ቀዳዳውንም እንቁላል ያስመስለዋል። የክንዱ ኳስ ከቤቱ የሚወጣ እስኪመስል ካረጀ የሚበየድ አዲስ ጫፍ ይገዛል። ሲያስበይዱ የሁለቱን ክንዶች ርዝመት ከቀዳዳ መሃል እስከ ቀዳዳ መሃል ለክተው እኩል ያድርጉ፤ ኳሱ ቤቱ ውስጥ እንዳይነክስ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፍኑት፣ ብየዳውንም በአንዴ አይጨርሱት፣ እረፍት እየሰጡ ይበየድ።

ጎማው የሚፈተገው ክንዱን ከጎን የሚይዘው ሰንሰለት ስለረዘመ ወይም ማያዣው ስለተጣመመ ነው። ሲያስተካክሉ ማረሻውን ቀስ እያሉ ያንሱና ሰው ከጎን ሆኖ ይመልከት። ማረሻው ከላይ ሲሆን ክንዱ ጎማውን መድረስ የለበትም፤ ሰንሰለቱ ግን እንደ ክራር ክር ከተወጠረ ማያዣውን ይሰብራል። እርሻ ላይ ሲወርድ ትንሽ ወደ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይኑረው።

ወደ መውረዱ እንምጣ። ሞተር ጠፍቶ የተነሳ ማረሻ ከወረደ፣ ሞተር ሲሠራ ደግሞ ክንዶቹ በየጥቂት ሰከንዱ እንቅ እንቅ ካሉ፣ ዘይት የሚያመልጥበት ቦታ አለ። ፓምፑ በደንብ ካነሳ ዋናዎቹ ተጠርጣሪዎች የማንሻው ፒስቶን ፋሻ (ዘይት በፒስቶኑ ዙሪያ እንዳያልፍ የሚዘጋው) እና ከፓምፑ ወደ ሲሊንደሩ ዘይት የሚያሳልፈው ቱቦ የጎማ ቀለበቶች ናቸው። ዘይቱን ከጎን ክዳኑ በታች እስኪሆን ያውርዱ፣ ክዳኑን ይፍቱ፣ ማረሻውን አንስተው ሞተሩን ያጥፉና በባትሪ ይዩ። ሞተር እየሠራ እጅዎን እዚያ አያስገቡ፤ ውስጡ የሚዞር ዘንግ አለ። ዘይቱ ከሲሊንደሩ ክፍት አፍ ከፈሰሰ ፋሻው ነው፤ ከቱቦው ዙሪያ ከፈሰሰ ቀለበቶቹ ናቸው። ለሁለቱም የላይኛው ክዳን ይነሳል፣ ፓምፑ ግን ቦታው ይቆያል። ክዳኑ ከባድ ስለሆነ በፓራንኮ (በሰንሰለት ማንሻ) ያንሱት። ከተነሳ አይቀር ፋሻውን፣ ቀለበቶቹንና ጓርኒሲዮኑን ሁሉንም ይቀይሩ፤ ለአንድ ቀለበት ሁለተኛ ጊዜ ክዳን ማንሳት ድካም ነው። ማርሹና ሃይድሮሊኩ የሚጋሩት ዘይት 30 ሊትር ገደማ ስለሆነ ንጹሕ በርሜል ያዘጋጁ፤ የነጣ ዘይት ግን አይመልሱ።

በዚህ ሁሉ መካከል በሃይድሮሊክ ብቻ ከተንጠለጠለ ማረሻ ሥር ማንም አይግባ። ደግሞም ከጭቃ ለማውጣትም ሆነ ግንድ ለመጎተት ሰንሰለት በቶፕ ሊንኩ ሹካ ላይ አይሰሩ፤ የፊት ጎማዎቹ ተነስተው ትራክተሩ በነጂው ላይ ይገለበጣል።