መልስ፦ አሮጌ ቬስፓ ቆማ ስትንኳኳ

አቦ ወንድሜ፣ አሮጌ ቬስፓዬ ቆማ ትንኳኳለች ላልከው፣ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትሰጣት ሞተሯ ቀስ ብሎ ሲሠራ) የምትንኳኳው ነዳጅ ስትሰጣት ዝም የምትል ከሆነ ሞተር ለማስፈታት አትቸኩል። መጀመሪያ ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) እየው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ (በድሬ ፀሐይ ትንሽ መታገስ ነው) ማርሚታውን በእጅህ ወዝውዘው። ከተንቀሳቀሰ የያዘው ቡሎን ላልቷል፤ የእኛ ኮብልስቶን እንኳን ቡሎን ጥርስም ያላላል። ጠብቆም ውስጡ ከተንኳኳ፣ የውስጡ ቆርቆሮ በስብሶ ተላቆ ሊሆን ይችላል። የጎን ሽፋኖቹንም ነካ ነካ አድርጋቸው።

ከዚያ አስነሳትና ፍሪሲዮን (ክላች) ያዝ። ድምፁ ከተቀየረ ችግሩን ፍሪሲዮኑ አካባቢ ፈልግ።

ዳገት ላይ የሚብስ ኳኳታ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ፒስቶኑ ወይም የፒስቶኑ ፒን ኩሽኔታ ሊሆን ይችላል። ያኔ አትንዳት፣ ለመካኒክ አሳያት። ቤንዚኑ ላይ ዘይት መቀላቀልህንም አረጋግጥ። የድሮዋ ቬስፓ ፒስቶን ዘይት የሚያገኘው ከዚያው ነው።