ደመናው ያበራል ወይስ ያንጸባርቃል?

ጥያቄ፦ ስለ ሕዋ ባነበብኩት ጽሑፍ አንድ የአቧራ ደመና በአንዱ አንቀጽ «ያበራል»፣ በሌላው «ያንጸባርቃል» ተብሏል። የራሱ ብርሃን የሌለውን ነገር «ያበራል» ማለት ስሕተት አይደለም?

መልስ፦ ስሕተት አልለውም። የጨረቃ ብርሃን ከፀሐይ እንደሆነ እያወቅንም «ጨረቃ አበራች» እንላለን፤ «አበራ» የብርሃኑን ምንጭ አይናገርም። ጽሑፉ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ ሊያስረዳ ከተነሣ ግን ቃሉ አይበቃውም።

«አንጸባረቀ»ም ብቻውን አይበቃም። «ወርቁ ያንጸባርቃል» ሲባል መብለጭለጩን እንጂ የብርሃኑን ባለቤት አንሰማም። «የኮከቡን ብርሃን ያንጸባርቃል» ሲባል ነው ነገሩ የሚለየው። ተሳቢው እንዳይዘለል አደራ እላለሁ፤ ልዩነቱ በብዙ ድካም የተገኘ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1912 ቬስቶ ስላይፈር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ በሰባቱ ከዋክብት ዙሪያ ያለውን ጭጋግ ብርሃን በየቀለሙ ተንትኖ ሲያየው በውስጡ ያሉት ጥቁር መስመሮች በከዋክብቱ ብርሃን ካሉት ጋር አንድ ዓይነት ሆነው አገኛቸው። ብርሃኑ የከዋክብቱ ነበር። ኦሪዮን በተባለው የከዋክብት ስብስብ ያለው ታላቁ ኔቡላ (የጋዝና የአቧራ ደመና) ግን በአመዛኙ የሚታየው ጋዙ ራሱ ከትኩስ ከዋክብት ጨረር ኃይል ተቀብሎ ስለሚያበራ ነው፤ ለእሱ «ብርሃን ያመነጫል» የሚለው ይስማማል።

እኔ ከሁሉም የምመርጠው «በተነ»ን ነው። መስታወት የደረሰበትን ብርሃን በአንድ አቅጣጫ ይመልሳል። በአቧራው ደመና ያሉት ቅንጣቶች ግን አብዛኞቹ ከሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ያነሱ ናቸው፤ ብርሃኑን በየአቅጣጫው ይረጩታል፣ ሰማያዊውንም ከቀዩ አብልጠው። ደመናው ከኮከቡ ይልቅ ሰማያዊ ሆኖ የሚታየው ለዚህ ነው። «ያንጸባርቃል» ይህን ቀለም አያስረዳም፤ «ይበትናል» ያስረዳል።

የእንዲህ ዓይነቱ ደመና መጠሪያ ሲሆን «አንጸባራቂ ኔቡላ» የሚሉ አሉ። «አንጸባራቂ ድል» የለመደ ጆሮ ግን ውዳሴ ይመስለዋል፤ «ብርሃን አንጸባራቂ ኔቡላ» ቢባል ይጠራል።

«አቧራ»ም ቢሆን ነፋስ ከመሬት የሚያስነሣውን ያሳስባል። የሕዋው ቅንጣት በመጠኑ ለጢስ ይቀርባልና «ብናኝ» ብጽፍ እመርጣለሁ።