ምርመራው ሳይደርስ ዳቦውን አታቁሚ

የአንባቢያን የጤና ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የ18 ዓመት ሯጭ ነኝ፤ የምኖረው ጅማ ሲሆን 1,500 እና 3,000 ሜትር እሮጣለሁ። ከአምስት ወር ወዲህ ሆዴ ይነፋል፣ ሰገራዬ ይቀጥናል፣ ክብደቴም ከ51 ኪሎ ወደ 46 ወርዷል። ልምምድ ላይ እግሬ ቶሎ ይዝላል። ሄሞግሎቢኔ 9.8 ሆኖ ተገኘ፤ የብረት እንክብል 3 ወር ብወስድም ፈቀቅ አላለም። ሐኪሙ «ሴሊያክ ሊሆን ይችላል» ብሎ የደም ምርመራ አዘዘልኝ፤ ቀጠሮው ከ7 ሳምንት በኋላ ነው። ጓደኞቼ ዳቦና በሶ አቁሚ ስላሉኝ ከተውኩ 10 ቀን ሆነኝ፤ ቀለል ብሎኛል። እስከ ቀጠሮው እንዲሁ ልቆይ? በሶ ሳልጠጣስ እንዴት ልሩጥ?

መልስ፦ እንዲሁ አትቆዪ፤ ዳቦውን ከዛሬ ጀምሮ መልሺው። ሴሊያክ ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን ወደ ሆድ ሲገባ የሰውነት መከላከያ ተነሥቶ የራሱን ትንሹን አንጀት የሚያቆስልበት ሕመም ነው። የደም ምርመራው የሚፈልገው በዚህ ጥቃት ጊዜ የሚመረቱ አንቲቦዲዎችን ነው። ግሉተኑ ሲቀር አንቲቦዲው ይወርዳል፣ አንጀቱም ማገገም ይጀምራል፤ ያኔ ሕመሙ እያለብሽ ወረቀቱ «የለም» ሊል ይችላል። ከምርመራው በፊት ቢያንስ 6 ሳምንት፣ በየቀኑ፣ ከአንድ በላይ በሆነ ማዕድ ግሉተን መብላት ያስፈልጋል። ምሳ ላይ አንድ ቁራጭ የስንዴ ዳቦ፣ ራት ላይ ሌላ ቁራጭ ወይም ፓስታ ይበቃሻል። 7 ሳምንት ስላለሽ ጊዜው ይደርሳል። ሆድሽን እንዳያውክሽ ከሩጫ በፊት አትብዪው፤ ከልምምድ በኋላ ይሁን። ተቅማጡ ከበረታ ወይም ክብደትሽ አሁንም ከቀነሰ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቂ ወደ ሐኪሙ ተመለሺ።

ቀለል ማለቱ ሴሊያክ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ስንዴ ውስጥ ጋዝ የሚፈጥሩ ሌሎች ስኳሮችም ስላሉ ሴሊያክ የሌለበት ሆዱ የሚነፋ ሰውም ስንዴ ሲቀንስ ሊሻለው ይችላል። ጃርዲያም ቢሆን ሰገራን ያቀጥናል፣ ክብደት ይቀንሳል፣ አንጀትንም ሴሊያክ በሚመስል መልኩ ሊጎዳ ይችላል። መንጠቆ ትል ደግሞ ደም ይመጥጣል፤ እኛ አገር የሴት ልጅ ሄሞግሎቢን ሲወርድ የወር አበባ መብዛትና ይህ ትል ሳይጣሩ ማለፍ የለባቸውም። ጃርዲያ በየቀኑ ሰገራ ላይ ስለማይታይ በተለያዩ 3 ቀናት ትኩስ ናሙና መስጠት ይሻላል፤ የአንድ ቀን «ምንም የለም» ብዙ ሰው አታሏል። ሆድ በነፋ ቁጥር ከፋርማሲ ሜትሮኒዳዞል ገዝቶ መዋጡም ነገሩን ያድበሰብሰዋል እንጂ አያጠራውም።

እንክብሉ ለምን አልሠራም? ብረት በአብዛኛው ወደ ደም የሚገባው በትንሹ አንጀት መነሻ በኩል ነው፤ ሴሊያክ በይበልጥ የሚያቆስለውም ያንኑ ቦታ ነው። ሐኪምሽ ሴሊያክን የጠረጠረው በዚህ ሳይሆን አይቀርም። ነገር ግን ጅማ ውስጥ ነሽና ቡናውንም እንጠይቅሽ፦ እንክብሉን ከቡና ወይም ከሻይ ጋር የምትወስጂ ከሆነ ብዙው ብረት ሳይጠቅምሽ ይወጣል። እንክብሉን በብርቱካን ጭማቂ ወይም በውኃ ውጪው፤ ቡናው 2 ሰዓት ያህል ይቆይ። ለሴት ልጅ ከ12 በታች የሆነ ሄሞግሎቢን የደም ማነስ ነው፤ ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች መለኪያው እንዲያውም ትንሽ ከፍ ይላል። ሄሞግሎቢንሽ 9.8 ሆኖ የፍጥነት ልምምድ መሥራት ትርፉ ድካም ነው። ለአሠልጣኝሽ ንገሪው፤ ቀለል ባለ ሩጫ ብቻ ቆዪ። ቅልጥምሽ ወይም የእግርሽ አጥንት አንድ ቦታ ላይ ብቻ ለይቶ የሚያምሽ ከሆነ ሩጫውን ጨርሶ አቁሚ፤ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ በደንብ የማይገባው ሰው አጥንቱ ቶሎ ይሰነጠቃል። ብረት በደም ሥር እንዲሰጥሽ ከተወሰነ ደግሞ ሆስፒታል ውስጥ ይሁን፣ ወረቀቱንም ያዢ፤ ብረት ራሱ ክልክል ባይሆንም በ12 ሰዓት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በደም ሥር መውሰድ ከሆስፒታል ሕክምና ውጭ በፀረ ዶፒንግ ደንብ የተከለከለ ነው።

ደሙ ሲወሰድ ሁለት ነገር መታዘዙን አረጋግጪ፦ ቲቲጂ አይጂኤ (የሴሊያክ አንቲቦዲ) እና ጠቅላላ አይጂኤ (አይጂኤ የሚባለው የአንቲቦዲ ዓይነት በደም ውስጥ ያለው ጠቅላላ መጠን)። አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው አይጂኤ ስለማይኖረው የመጀመሪያው ብቻውን ቢታይ በሐሰት «ነፃ ነሽ» ይላል። ውጤቱ ፖዘቲቭ ከሆነ ቀጣዩ ኢንዶስኮፒ ነው፣ ማለትም ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ አስገብቶ አንጀትን ማየት፤ እንደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ወዳለ ሪፈራል ሆስፒታል ሊልኩሽ ይችላሉ። ዱኦዲነም ከሚባለው የትንሹ አንጀት መነሻ፣ ከታችኛው ክፍሉ ቢያንስ 4፣ ከሆድ ዕቃ ጋር ከሚገናኘው የመጀመሪያ ክፍሉ ደግሞ 1 ወይም 2 ናሙና መወሰድ አለበት፤ ቁስሉ እዚህም እዚያም ስለሚሆን አንድ ቅንጣት ብቻ ከተነሣ ሊስት ይችላል። ኢንዶስኮፒው እስኪያልቅም ዳቦው አይቀርም።

ሕመሙ ከተረጋገጠ መልሱ ዕድሜ ልክ ከስንዴና ከገብስ መራቅ ነው፤ አጃም ከሁለቱ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚገኝ ይቅር። ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ሩዝ፣ ቆጮ፣ ቡላ፣ ጎደሬና ድንች ግሉተን የላቸውም። ነገር ግን «እኔ እንጀራ ነው የምበላው» ብለሽ አትዘናጊ። የገበያ እንጀራ ገብስ ወይም ስንዴ ሊቀላቀልበት ይችላል። አንድ ግራም የስንዴ ዱቄት ውስጥ ከ80 እስከ 100 ሚሊግራም ያህል ግሉተን አለ፤ ሕመሙ ላለበት ሰው በቀን 50 ሚሊግራም እንኳ አንጀቱን እንደሚጎዳ ታይቷል። ስለዚህ ግማሽ ግራም፣ ማለትም የጣት ቁንጥር ዱቄት፣ ይበቃል ማለት ነው።

ከሁሉም የሚያስቸግረው ወፍጮ ቤት ነው። ድንጋዩ ውስጥ የቀረ የስንዴ ዱቄት ከሚቀጥለው ሰው ጤፍ ጋር ይወጣል። ለጤፍ ብቻ የተለየ ወፍጮ ካለ እዚያ ሂዱ፤ ካልሆነ ከበቆሎ ወይም ከጤፍ ቀጥሎ ተራ ያዙና መጀመሪያ የሚወጣውን 2 ወይም 3 ኪሎ ለቀረው ቤተሰብ አድርጉት። ይህ ይቀንሰዋል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም። እርሾው ከድብልቅ ሊጥ የተወረሰ ከሆነ ይደፋና በንጹሕ ጤፍ እንደ አዲስ ይጀመር። ወንፊቱ፣ ቡሃቃውና የምጣድ ማሰሻው ለብቻ ይሁኑ። አምባሻና የጤፍ እንጀራ በአንድ ምጣድ የሚጋገሩ ከሆነ የአንቺ ይቅደም። ሳምቡሳ በተጠበሰበት ዘይት የተጠበሰ ድንችም አይሆንሽም፤ ጠላና ቢራ በብቅላቸው ምክንያት ይቀራሉ።

በሶውን በተመለከተ፣ ጉልበት የሚሰጥሽ ካርቦሃይድሬቱ ነው፤ እርሱ ደግሞ ከሌላም ይገኛል። 60 ግራም የጤፍ ዱቄት አጥሚት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ማርና አንድ ሙዝ በድምሩ 100 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አላቸው፤ ለ46 ኪሎ ሯጭ ከከባድ ልምምድ 3 ሰዓት በፊት በቂ ነው። ከልምምድ በኋላ ሁለት ሙዝና አንድ ብርጭቆ ወተት ይሁንልሽ። አንጀትሽ እስኪያገግም ግን ወተቱ ራሱ ሊነፋሽ ስለሚችል ከነፋሽ በእንቁላል ተኪው። ስሜትሽ በሳምንታት ሊሻሻል ይችላል፤ አንቲቦዲው ወርዶ ለማየት ወራት፣ አንጀቱ ሙሉ በሙሉ እስኪያገግም ደግሞ ዓመትና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። በአንድ ወር ሰዓትሽ ካልተመለሰ አትደንግጪ።

እናት፣ አባት፣ እኅትና ወንድሞችሽም ምልክት ባይኖራቸው እንኳ ይመርመሩ፤ የቅርብ ዘመድ ውስጥ ከ10 ሰው አንዱ ገደማ ይገኝበታል። ለውድድር ስትጓዢ ደግሞ የመንገድ ቆሎ ገብስ ስላለበት ሽምብራውን ቤት፣ ገብስ ባልነካው ብረት ምጣድ ቆልተሽ ያዢ።