ላሟና የዛፉ ግንድ፦ የአበባ ማስቀመጫ አይደለም

እህቴ፣ ፎቶውን አየሁት። የሸክላ ላም ከዛፍ ግንድ አጠገብ ቆማ፣ ግንዱ ውስጡ ክፍት፣ ጀርባው ጠፍጣፋና ቀለም ያልነካው። «አበባ ስከትበት ይጋደማል፣ ማኅተምም የለውም፣ ምንድነው?» ላልሽው፣ ስፒል ቬዝ ይባላል። ለአበባ የተሠራ አይደለም።

ስፒል ማለት ቀጭን የእንጨት ስንጥር ወይም ጠበቅ ተደርጎ የተጠቀለለ ወረቀት ነው። ድሮ እንግሊዞች ስፒሎቹን ግንዱ ውስጥ ከተው ይሄን ዕቃ ከእሳት ምድጃው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡና ሻማ ወይም ፒፓ መለኮስ ሲፈልጉ አንዱን መዘው ከምድጃው እሳት ይጭሩበት ነበር፣ እኛ ጋ በጭራሮ ኩራዝ እንደሚለኮሰው። እንግሊዛዊው ጆን ዎከር እ.ኤ.አ. በ1827 ክብሪት መሸጥ ከጀመረ በኋላም ልማዱ ቶሎ አልጠፋም። ምድጃው እየነደደ ክብሪት ማን ያባክናል? ጀርባው ያልተቀባውም ግድግዳ ተደግፎ ስለሚቆም ነው፣ ለማይታይ ነገር ቀለም አያወጡም ነበር።

ማኅተም የለውም ብለሽ አትጨነቂ። እንዲህ ያለውን ይሠሩ የነበሩት የስታፎርድሻየር (የእንግሊዝ አውራጃ ናት) ሸክላ ሠሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ስማቸውን አያትሙበትም ነበር። እንዲያውም «ኢንግላንድ» የሚል ቢኖረው ነበር የሚያጠራጥረኝ፣ ምክንያቱም የአገር ስም መጻፍ የተለመደው አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1891 ጀምሮ ወደ እሷ በሚገባ ዕቃ ላይ ግዴታ ካደረገች ወዲህ ነው።

አሁን ገልብጠሽ እዪው። የድሮዎቹ ጭቃው ቅርጽ ማውጫው ውስጥ በእጅ እየተጫነ ስለሚሠሩ ከበድ ይላሉ፣ የአየር ማስወጫ ቀዳዳቸውም ትንሽ ናት። ቀጭን ጭቃ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ እየተንቆረቆረ የተሠሩት የኋለኞቹ ግን ቀለል ይላሉ፣ ቀዳዳቸው ብዙ ጊዜ ጣት ያስገባል። ወርቅ ቅቡ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ከሆነ የ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወይም ከዚያ ወዲህ ነው። ላዩ ላይ ያለው ስንጥቅጥቅ ከላይ እስከ ታች እኩል ጠቁሮ ካየሽ ደግሞ ሆን ተብሎ እንዲያረጅ የተደረገ ሊሆን ይችላል፣ እኔ እንዲህ ያለውን አልገዛም።

ቀንዶቿንም በደንብ እዪ፣ መጀመሪያ የሚሰበሩት እነሱ ናቸው፣ ተጣብቀው በቀለም የተሸፈኑ ብዙ ናቸው። ላሞቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥንድ ሆነው ነበር የሚሠሩት፣ አንዷ ወደ ቀኝ ሌላዋ ወደ ግራ ዞራ፣ ስለዚህ የገዛሽበት ሱቅ ከተመለስሽ ጓደኛዋ እንዳለች ጠይቂ። ጥንዱ ከነጠላው በጣም ይሻላል።

ውሃ ግን አታድርጊበት። በስንጥቁ ሰርጎ ይገባና ቡናማ እድፍ ይተዋል። አበባ ካማረሽ ደረቅ አበባ፣ ወይ ቀጭን የመስታወት ቱቦ ውስጡ ክተቺ። የሥሩን ፎቶ ላኪና ዕድሜውን አብረን እንገምታለን።